የደረሱት ብቻ

እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሠርቶ ጠዋት አልጋው ውስጥ የገባ ሰው በደንቡ እንደ ግንድ መጋደም ነበረበት፤ እሱ ግን ይኸው በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ያያል። ዓይኑን ሲጨፍን ዘር፣ ሲገልጥ ዘር፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጠጉራም፣ ቀንዳም፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ከካልሲ ክር ጋር ተጠላልፎ አልወጣም የሚል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ጢሙን ይላጫል፣ ደረጃው ላይ የሴት ጫማ ቋ ቋ እያለ ይወርዳል፣ ከታች አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ ይላል። መጋረጃው ስስ ነው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ይሉኝታ የላትም፣ ዘልቃ ገብታ እግሩ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው፣ ሲተነፍስ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስልኩ ውስጥ አንድ የድምፅ መልእክት ተቀምጧል። የደወለችው እጁ ጓንት ውስጥ ሳለ ነበር፤ በሥራው ሕግ ጓንት አውልቆ ስልክ የነካ ሰው እንደገና ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ፈርሞ እስኪመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዝም አለው። ያችን ሩብ ሰዓት ባይሰስት ኖሮ ይሄን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነበር። አሁን ለስድስተኛ ጊዜ ከፈተው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ፣ አታነሳም። ነገ ልነሳ ነው፣ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶብስ። ከድንበሩ ወዲያ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ይቀበሉናል፣ ከዚያ በኋላ ባሕሩ ነው፣ እንግዲህ እሱን እግዜር ያውቃል። የስፌት ማሽኔን ሸጥኩት። ይሄንንም ስልክ የሚገዛኝ ሰው አሁን መጥቶ ሊወስደው ነው፣ ስለዚህ አትደውል። አንተ ጋ ስደርስ ያችን መርከብ ታሳፍረኛለህ፣ እሺ? እንዳትነግረው ደግሞ! ድንገት ነው የምደርስበት። ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።» ቀጥሎ አጭር ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ ይዘጋል።

ልጅቷ የአብሮ አደጉ የሎጋው ታናሽ እህት ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ድንገት ልትደርስበት ያሰበችው ወንድሟም ሎጋው ነው። እሷም እናቷም ሎጋው ከአንድ ሩቅ ደሴት ላይ ሥራ ይዞ፣ ወፍ ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ውሎ እንደሚያድር ያውቃሉ። ደሴቱ አለ። መርከቧም አለች። ወፎቹም፣ ወፍ ቆጣሪዎቹም አሉ። ሎጋው ግን የለም። ሎጋው ከሞተ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፣ ይህን ደግሞ በምድር ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሱ ነው ሞቱን ደብቆ የያዘው፣ እሱ ነው ደሴት ላይ ያስቀመጠው፣ እሁድ እሁድ እየደወለ ሲያበላው፣ ሲያለብሰው፣ ጉንፋን ሲያስይዘውና ሲያድነው የኖረም እሱ ነው። ወደ ልጅቷ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ያቺ ትሑት ሴት የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ጥሪ አይቀበሉም ብላ መለሰችው። አሁን አራት ሰዓት ከሩብ ነው። አውቶብሱ ሊነሳ አምስት ሰዓት እንኳ አልቀረውም።

ሥራውን ለሰው ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል። ወደቡ ጥግ አንድ ነጭ ክፍል አለ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጠረጴዛው ነጭ፣ መብራቱ ነጭ፤ ወደዚያ ደሴት የሚሄድ ሰው ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት ጓዙን እዚያ ያስረክባል። መርከቧ በዓመት አንዴ ነው የምትሄደው፣ አሥራ አንድ ቀን ትጓዛለች፣ የምትጭነውም ወፍ የሚቆጥሩ፣ ነፋስ የሚለኩ፣ ድንጋይ የሚፍቁ ምሁራንን ነው። እሱ የምሁራኑን ኪስ ይገለብጣል። በስፌት መሃል፣ በጫማ ክር ቀዳዳ፣ ጭርር እያለ በሚላቀቀው የጃኬት ማጣበቂያ ውስጥ ዘር ያድናል፤ በቀጭን አፍ የአቧራ መምጠጫ ይመጠምጣል፣ እምቢ ያለውን በወረንጦ ይነቅላል፣ ጫማውን በብሩሽ ፍቆ መድኃኒት ባለበት ባልዲ ይነክራል፣ ያገኘውን በትንሽ ፖስታ ከቶ ቁጥር ይጽፍበታል። ፖስታዎቹ ተመርምረው ይቃጠላሉ። ባልደረቦቹ ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው ጊዜ «ወረንጦ» ብለውታል፣ እሱም ለምዶት በሌላ ስም ቢጠሩት አይዞርም። አንድ ጊዜ አንድ ዝነኛ ፕሮፌሰር፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው፣ ከአንድ ካልሲያቸው ብቻ አርባ ሦስት ጨጎጎት ሲነቀል በባዶ እግራቸው ቆመው እንደ ተማሪ ወለል ወለሉን ሲያዩ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ደሴቱ ላይ ያለው ሁሉ በራሱ ጊዜ በራሱ መንገድ የደረሰ ነው፤ በሰው ካልሲ የሄደ አንድ ሳር ከገባበት ያን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይቀራል።

ይህን የነገረችው ባለመነጽሯ ናት። ባለመነጽሯ የክፍሉ አለቃ ናት፣ ዕድሜዋን በሙሉ ዕፅዋት ስታጠና የኖረች፣ አንድ መነጽር ዓይኗ ላይ አንድ መነጽር ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ሦስተኛውን የምትፈልግ ሴት። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ የዘሩን ዘመድ አዝማድ ስትቆጥር አፏ አያርፍም። «ወረንጦ፣ ያ ደሴት ከባሕር ሲወጣ እሳት ነበር እኮ። ቀዘቀዘና ባዶ ድንጋይ ሆነ። ማን ቀድሞ የደረሰበት ይመስልሃል?» ወፍ ይላታል። «ሸረሪት! ድሯን ለቃ ነፋስ ላይ ተንጠልጥላ፣ የወሰዳት ይውሰዳት ብላ።» ቀጥሎ ከዱቄት የላመ ብናኝ በነፋስ መጣ፣ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ፣ አረንጓዴ ሆነ። ወፎች መጡ፣ እግራቸው ላይ በደረቀ ጭቃ ውስጥ ዘር፣ በሆዳቸው ውስጥ ዘር፣ ላባቸው ላይ የተጣበቀ ዘር፤ ኩሳቸው አፈር ሆነ። ጎርፍ የነቀለው ግንድ መጣ፣ ግንዱ ላይ አንድ እንሽላሊት፣ እሷም ደግነቱ እንቁላል ቋጥራ ነበር። እንቁራሪት ግን አልደረሰም፣ ቆዳው ጨው አይችልም። «አንድ ሲደርስ ስንት ሺህ ይቀራል መሰለህ» ትላለች ባለመነጽሯ፣ «ማን ይቆጥረዋል? እኛ የምናየው የደረሱትን ብቻ ነው።» ሌላ ቀን ደግሞ እዚያ የደረሰው ነገር ከብዙ ትውልድ በኋላ ክንፉን እንደሚተው ነገረችው፤ የሚበረውን ነፋስ ጠርጎ ባሕር ስለሚከተው የማይበረው ብቻ ይቀራል፣ በጥጥ በርሮ የመጣ ተክልም የልጅ ልጁ ጥጡን ጥሎ ከባድ ዘር ያፈራል፣ እናቱ እግር ሥር ይወድቃል። «መልሶ ልብረር ቢልስ?» ብሎ ጠየቃት። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ አየችውና መነጽሯን ፀጉሯ ውስጥ ትፈልግ ጀመር። እሱም ጫማ መፋቁን ቀጠለ።

ውሸቱ ሲጀመር ደሴት አልነበረውም። የተረፉትን ከባሕሩ ካወጧቸው በኋላ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብርድ ልብስ ደርቦ ለስልክ ይሰለፋል፣ ሰማያዊ ወረቀት ይሰጡታል፣ ሰማያዊው ወረቀት ወደ ሦስተኛው መስኮት ይልከዋል፣ ሦስተኛው መስኮት ፎቶ የለህም ብሎ ወደ አንደኛው ይመልሰዋል፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ምሳ ወጥቷል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተራው ደረሰ። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የእነ ሎጋውን ቤት ብቻ ነበር። የራሱ እናት ገና ሕፃን ሳለ ነው የሞተችበት፤ ከሎጋው ጋር ከትምህርት ቤት ተመልሰው ከአንድ ሳህን የበሉት፣ ሲቀጡትም ሲያቅፉትም የኖሩት የሎጋው እናት እማማ ናቸው። «ልጆቼ! ደረሳችሁ?» አሉ እማማ፣ እየጮኹ፣ እያለቀሱ፣ እየሳቁ። «ደርሰናል» አለ። «እሱስ? አቅርበው እስኪ!» ሠራተኛው ሰዓቱን እያሳየ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል፣ ከኋላው ያለው ሰው ትከሻውን ይገፋል። «ተኝቷል» አለ። አለቀ። ያን ያህል ቀላል ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሎጋው ሥራ ፍለጋ ወጥቷል፣ በሌላው ጊዜ ስልኩ ጠፍቶበታል፣ ቀጥሎ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ምክንያት ሁሉ አልቆ ዓይኑን በጨው ሊያጥብ ሲል ነጩ ክፍል ቀጠረው፣ ስልክ የማይሠራበት፣ መርከብ በዓመት አንዴ ብቻ የሚደርስበት ቦታ እንዳለም ሰማ። ያን ዕለት ከሥራ እንደወጣ ደረጃ ላይ ቆሞ ደወለ፣ የምሥራች የያዘ ሰው ይመስል ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

እማማ ግን በዋዛ የሚያልፉ ሴት አይደሉም። «ዛፍ አለው?» አሉ። አለው እማማ፣ አጭር አጭር። «ማን ተከለው?» የወፉን ጭቃ ነገራቸው። ለሳምንቱ እሱን ሲያስቡ ሰንብተው፣ «ለመሆኑ ወፉ እግሩን አይታጠብም?» አሉና እሱም እሳቸውም ሳቁ። እህትየዋም ከኋላ ማሽኗን አቁማ ስትስቅ ትሰማለች። ሸረሪቷን ሲነግራቸው «ወይ ድፍረት!» ብለው ለአንድ ወር ስሟን ሲያነሱ ከረሙ። የእንሽላሊቷ ነገር ግን ከነከናቸው። «ያን ሁሉ ቀን ግንድ ላይ ምን እየበላች ሄደች?» «እንሽላሊት ብዙ አትበላም፣ እማማ።» «የኔ ልጅ ግን ይበላል» አሉት፣ እሱም ለሎጋው ምግብ አበሰለ፣ የደሴቱን ዓሣ ጠበሰለት፣ ያለ ልኩ ጨው ጨምሮበት ሎጋው ሲነጫነጭ ለእማማ ተረከላቸው፣ ልጃቸውን አውቀውት ከልባቸው ሳቁ። እውነቱ ይነገር ከተባለ እሁድን የሚጠብቀው እሱ ነበር። በዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ሲኖር ምን በላህ፣ ምን ለበስክ ብሎ የጠየቀው ሌላ ሰው የለም። ሎጋውን ከገደለው እሁድም አብሮ ይሞታል፣ ይህን ያውቃል፣ ያፍርበታልም።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው ነገሩን ያበላሸው። እማማ «ድምፁንስ ይቅር፣ ጽሕፈቱን እንኳ ልየው» አሉ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ልጆች አንዱ የአንዱን ጽሕፈት መምሰል አያቅታቸውም፤ የሎጋውን ወደ ግራ የሚያጋድል ፊደል እያጋደለ ሁለት ገጽ ጻፈ፣ ሰው የማይፈሩትን ወፎች፣ እግር ላይ ወጥተው የሚቆሙትን፣ ጥቁሩን ድንጋይ፣ በድንጋዩ ስንጥቅ የበቀለችውን ከጥፍር የማትበልጥ ነጭ አበባ። ለእህቱ ምንም ሳይል ቢቀር ያስታውቅብኛል ብሎ በመጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ አንቺ ደግሞ መጥተሽ ብታዪው ዓይንሽን አታምኚም ነበር። ሰው ለሰው የሚለው ነገር ነው፣ ሰላምታ ነው፣ ወግ ነው። ልጅቷ ግን ደብዳቤውን ከማሽኗ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ቀና ባለች ቁጥር ያቺን መስመር አነበበች። ይህን የሰማው አሁን ሳይሆን ዱሮ ነው፣ እማማ እየሳቁ ነበር የነገሩት፣ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ሞኝ።

ዓይኑን የጨፈነ መሰለው። ነጩ ክፍል ውስጥ ቆሟል፣ ጓንቱን አጥልቋል፣ ሎጋው ሻንጣውን ተሸክሞ ይገባል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ኪስ፣ ይለዋል እሱ፣ ለሁሉም እንደሚለው። ሎጋው ኪሱን ይገለብጣል፣ ውሃ ይወርዳል። ሌላኛውን፣ ይለዋል። ውሃ ነው። የጫማውን ክር ይፈታል፣ ውሃ፣ የጃኬቱን ስፌት ይዳብሳል፣ ውሃ ብቻ፣ ቅንጣት ዘር የለም፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መንገደኛ አይቶ አያውቅም። ፖስታ ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? «ቶሎ በላ፣ መርከቧ ልትሄድብኝ ነው» ይላል ሎጋው በዚያ በሚነጫነጭ ድምፁ፣ «እዚህ አገር ደግሞ ሁሉ ነገር ወረፋ ነው!» እሱ ሳቀ፣ በሳቁ ነቃ፣ ጎረቤትየው ሬዲዮኑን ዘግቶ ወጥቷል፣ ፀሐይዋ ከእግሩ ወደ ሆዱ መጥታለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል። ዘሎ ተነሳ።

ለእማማ ብደውልስ፣ አለ። ልጅዎ ልትጠፋ ነው፣ ይያዟት፣ ብዬ ብዘጋስ? ሎጋው ካለበት አይነካም፣ ልጅቷም አትሄድም፣ እሁድም ይቀጥላል። ይህን ሐሳብ አገላብጦ አየው፣ ወደደው፣ ውሃ የሚያነሳ መሰለው። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ደወለ።

«ሃሎ! አንተ! ዛሬ እሁድ ነው እንዴ?» አሉ እማማ።

«አይደለም እማማ። እሷ የለችም?»

«ወጣች። የሰፋችውን ቀሚስ ላስረክብ ብላ። ምነው፣ ድምፅህ ልክ አይደለም፣ አሞሃል?»

«እማማ፣ ልትሄድ ነው እኮ! ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት…»

«አውቃለሁ» አሉት ረጋ ብለው። «እኔው አይደለሁ የመረቅኋት? ተይ እያልኩ ስነግራት ከረምኩ፣ እምቢ አለች፣ አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ግን ምን አልኩ መሰለህ። ያቺ ሸረሪት፣ ያቺ ክር ላይ ተንጠልጥላ የደረሰችው፣ ያቺም እንሽላሊት በግንድ ላይ፣ እነሱ የደረሱበት የኔ ልጅ፣ እጅ እግር ያላት፣ አእምሮ ያላት፣ ምን ሆና ትቀራለች? አንተው አይደለህ የነገርከኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑልኝ፣ እኔ ምን ቀረኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለሴትየዋ ማባበያ ብሎ የሰበሰበው ሁሉ፣ ወፉ፣ ጭቃው፣ ድሩ፣ ግንዱ፣ ለካስ መንገድ ሲጠርግ ነው የኖረው።

«ሻንጣዋስ?» አለ።

«ይዛው ነው የወጣችው፣ ስለሚከብድ መናኸሪያ አስቀምጠዋለሁ ብላ። ተመልሼ እስምሻለሁ ብላለች… እኔ እንጃ፣ እሷ ሆደ ቡቡ ናት፣ ስንብት አትችልም፣ በዚያው ትሄድ ይሆናል።»

«እማማ፣ እኔ የነገርኩዎት የደረሱትን ብቻ ነው።»

«እ?»

«ሸረሪቷ አንዷ ስትደርስ ስንት ሺው ባሕር ላይ እንደወደቀ አልነገርኩዎትም። ግንዱም እንደዚያው። ነግረውኝ ነበር፣ እያወቅሁ ነው የዘለልኩት።»

«ምን ልትለኝ ነው፣ አንተ ልጅ?»

«ልጅዎ አልደረሰም።»

ስልኩ ውስጥ የሆነ ሰው ደጅ ላይ ውሃ ሲደፋ ተሰማ። ዶሮ ጮኸ።

«ደሴቱ ላይ?» አሉ እማማ።

«የትም። የትም አልደረሰም እማማ። ያኔውኑ ባሕሩ ላይ ነው የቀረው።»

«ያኔ ተኝቷል ስትለኝ?»

«ሞቶ ነበር።»

«ዓሣውስ? ጨው በዛበት ያልከኝ?»

«ውሸቴን ነው።»

«ደብዳቤውስ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

እንግዲህ ይጮኻሉ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እማማ አልጮኹም። ሁልጊዜ እንደሚጠይቁት፣ አንድ ነገር ሳይገባቸው እንደማያልፉት፣ በዚያው ድምፅ ይጠይቁት ጀመር። «ቀን ነበር ወይስ ሌሊት?» ሊነጋ ሲል ነበር። «ብርድ ነበረ?» ነበረ። «ብቻውን ነበር?» አይደለም፣ አብረን ነበርን እማማ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ አንድ ባዶ ጀሪካን አግኝተን እሱ በዚያ እኔ በዚህ ይዘን። «ተጣራ?»

«አልተጣራም። ክንዴን ላሳርፍ አለኝ። እሺ አልኩት። ደክሞኝ ነበር፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ተኝቼም ይሆናል። ስገልጥ ጀሪካኑ ቀሎኛል።» እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ማንም አይቶት አልነበረም። «ሲቀለኝ ደስ አለኝ፣ እማማ። ለአንድ አፍታ። ለምን እንደቀለለ ሳላስብ፣ ከፍ ስላለልኝ ብቻ ደስ አለኝ።»

ስልኩን ከጆሮው ቢያርቀው የሚገድላቸው መሰለው።

«እዚያ ማን አለህ?» አሉ እማማ።

«ማንም የለኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር አለቀስክለት?»

«አላለቀስኩም» አለ። «ካለቀስኩ የሞተ ስለመሰለኝ።»

«ስልኩን እንዳትዘጋው» አሉት። ድምፃቸው አሁን መሰንጠቅ ጀምሯል። «ሰማኸኝ? እንዳትዘጋው። እዚያው ቁጭ በል።»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ ቋ አለ። ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ የበር ሲጥጥታ፣ ከዚያ ያ ጩኸት፣ «ልጄን! ወይኔ ልጄን!»፣ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ዘግይቶ። እግሮች ይሮጣሉ፣ «ምነው? ምን ሰማሽ?» ይላል አንድ ሰው፣ ወንበር ይጎተታል፣ ዕቃ ይወድቃል፣ ሴቶች አንዱን ጩኸት ከሌላው ይቀጥላሉ። «ልጅቷን!» ይላሉ እማማ ከዚያ ሁሉ መሃል፣ «መናኸሪያ ሩጡ፣ ልጅቷን አምጡልኝ!» የወንድ ጫማ እየተንደረደረ ራቀ። እሱ ወለሉ ላይ ወርዷል፣ እንዴት እንደወረደ አያውቅም፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል። የሎጋውን ስም የሆነች ሴት ጮክ ብላ ጠራችው። ያኔ አለቀሰ። በቀን፣ በፀሐይ፣ መጋረጃው ስስ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ እነሱ ሲጮኹ እየጮኸ፣ እነሱ ሲበርዱ እየበረደ፣ ደግሞ ሲጀምሩ እየጀመረ አለቀሰ። ደረጃው ላይ የሚያልፍ ሰው ቆም አለ፣ በሩን ሊያንኳኳ አስቦ ተወውና ወረደ።

ከልቅሶው በታች ግን ጆሮው ሌላ ነገር ይፈልጋል። በእያንዳንዷ ድምፅ ውስጥ ያቺን አንዲት ድምፅ ይፈልጋል፣ ይቺ አይደለችም፣ ይቺም አይደለችም፣ አሮጊት ናት፣ ሕፃን ናት፣ ጎረቤት ናት። ሰባት ሰዓት ሆነ። መናኸሪያው ከቤቱ ስንት ደቂቃ ነበር? ከሎጋው ጋር ስንት ጊዜ ሄደውበታል፣ አሁን ግን መንገዱ ጠፋበት። ዛሬ አውቶብስ ሞልቶ ቀደም ብሎ ተነስቶ ቢሆንስ? ሰባት ተኩል። የሮጡት ሰዎች አልተመለሱም። እማማ ድምፃቸው ዘግቷል፣ የሚሰማው ሲቃ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ቤቱ በአንዴ ዝም አለ፣ ያን ሁሉ ሰው የያዘ ቤት፣ እና አንድ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ሻንጣ ይሆን።

«ምንድን ነው? እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች አንዲት ልጅ። አንድ ሰው በሹክሹክታ መለሰላት። «ማነው ያለው? ውሸት ነው! ወንድሜ ደሴት ላይ ነው እኮ፣ ደብዳቤውን ሂዱና እዩት፣ እዚያ ነው ያለው፣ ግድግዳው ላይ!» ከዚያ ወረቀት ሲቀደድ ይሁን ሰው ሲይዛት አልለየም፣ ጩኸቷ ግን ጆሮውን ሰነጠቀው። ወደ ስልኩ ስትመጣ እግሯ ይሰማል።

«አንተ!» አለችው። ጋሼ አላለችውም።

«አቤት» አለ።

ውሸታም አለችው፣ ነፍሰ በላ አለችው፣ እናቴን ስታሾፍባት ኖርክ፣ እኔን ልትልከኝ ነበር፣ እንደ ወጣህ ቅር አለችው፣ የሚቀብርህ አታግኝ አለችው፣ ትንፋሿ እያጠራት፣ እያለቀሰች፣ ከእናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ። እሱም ለእያንዳንዱ አቤት አላት።